የሦስተኛ ፎቅ የራም ማኅበር

እኔ ሌባ አይደለሁም። ይህን ከመጀመሪያው እወቁልኝ። አንድ ጊዜ ሰርቄአለሁ፤ እሱንም የሰረቅኩት የራሴን ዕቃ ነው። የራሱን ዕቃ የሰረቀ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ በምሠራበት ሦስተኛ ፎቅ ግን በዚህ የሚቸገር ሰው የለም፤ ሌባ ሆኜ ተመዝግቤአለሁ።

ነገሩ የመጣው በራም ነው። ራም ማበጠሪያ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ ኮምፒውተር የያዘውን ሥራ የሚዘረጋው እሷ ላይ ነው። ሥራው ትልቅ፣ ራሟ ትንሽ ስትሆን ማሽኑ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ ቀጥሎ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ሥራውን ይዞ ይጠፋል። የእኔ ማሽን አራት የራም ቦታ ነበረው፤ የነበረችው ግን አንዲት ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ ብቻ ናት።

የምተዳደረው በኮምፒውተር ተንቀሳቃሽ ሥዕል እየሠራሁ ነው። ቀድሞ የሰው ቅጥር ነበርኩ። አለቃዬ ሥራዬ ላይ ሁሉ የራሱን ስም ሲጽፍ ደሜ ፈላና አንድ ቀን በሠራተኛ ፊት ተናገርኩት። ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያለ እኔ ማሽን አንዲት ደቂቃ ፊልም አትሠሪም፤ ተመልሰሽ ትመጫለሽ» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ! ስምንት ወር ሙሉ የሱቅ ማስታወቂያና የልደት ካርድ ሳንቀሳቅስ ከረምኩ፤ ያቺ ንግግሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

በዘጠነኛው ወር አንዲት የነርሶች መምህርት መጣች። የሕፃን ልብ ከውስጥ እንዴት እንደሚመታ የሚያሳይ የሰባት ደቂቃ ፊልም ትፈልጋለች፤ መጨረሻው ላይ የሠሪው ስም ይጻፋል። የእኔ ስም! ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ከዛሬ አምስት ሳምንት፣ ዓርብ እስከ ቀትር ማድረስ አለብሽ። ካልሆነ ሥራውን ለቀድሞ አለቃሽ እንሰጠዋለን፤ እሳቸው ጥሩ ማሽን አላቸው።» እንዳልሰማ ሆኜ ፈገግ አልኩ። ጥርሴ ግን ታመመኝ።

ልቡን መሥራት ጀመርኩ። ከውጭ ሲታይ እሰየው ነበር። ወደ ውስጥ ልግባ፣ የልቡን በሮች ልክፈት ስል ማሽኑ ድርቅ! ደግሜ ሞከርኩ፤ ድርቅ! ባለሙያ ጠየቅኩ፤ «ከስልሳ ጊጋ በታች አይሞከርም» አለኝ። እንግዲያው ሦስት ራም እገዛለሁ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

«ባለ አሥራ ስድስት፣ ሦስት ፍሬ» አልኩት ሻጩን።

ዋጋውን ነገረኝ።

«የሦስቱን ነው አይደል?»

«የአንዷን ነው።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! አምና በዚህ ገንዘብ አራቱን ገዝቼ ለታክሲ ይተርፈኝ ነበር!»

«አምና አለፈ፣ እህቴ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚያስብ ማሽን እንሠራለን ብለው ራሙን ከፋብሪካው በር ላይ እያፈሱት ነው። ለእኛ የሚደርሰን ፍርፋሪው ነው። ነገ ደግሞ ይጨምራል።»

«ዛሬ ግዢ ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ነገ ግን ይጨምራል።»

ላያት ብዬ ጠየቅኩት። የመስታወቱን ሣጥን በቁልፍ ከፍቶ፣ ጨርቅ አንጥፎ፣ አንዷን አስተኛልኝ። እጄን ስዘረጋ «በዓይን ብቻ» አለኝ። እንዲህ ያለ ክብር ለሙሽራም አይደረግም! እየተራገምኩ ወጣሁ፤ ደረጃውን እስክጨርስ አምራቹንም፣ ገዢውንም፣ የሚያስበውን ማሽንም አልማርኳቸውም።

እኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍል አለ፤ አራታችንም በኮምፒውተር እንጀራ የምንበላ ነን። ከደረጃው ጎን ያሉት ጋሽ ፍላሽ ናቸው፤ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ በዕድሜ ታላቃችን፣ ስለ ታማኝነት መናገር ከጀመሩ ሻይ የሚያቀዘቅዙ። ቀጥሎ ኢንጂነሩ አለ፤ የቤት ፕላን ይሥላል፣ ካልኩሌተር ከደረት ኪሱ አይለይም። ፊት ለፊቱ ዝምታ የምንላት ልጅ አለች፤ ሙዚቃ ታቀነባብራለች፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ በሯን ከፍታ «ሽሽሽ» ትላለች። መጨረሻው ላይ እኔ ነኝ። ክብሪት ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ብሶቴን ሳፈነዳው ሦስቱም በራቸውን ከፈቱ። ለካ የሁሉም ሕመም አንድ ነው! የጋሽ ፍላሽ ፎቶዎች እስኪከፈቱ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ። ኢንጂነሩ የአምስት ፎቅ ፕላን ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይዘጋበታል። የዝምታ ሙዚቃ መሀሉ ላይ ይንተባተባል። አራታችንም ያለን አንድ አንድ ባለ አሥራ ስድስት ነው፤ አራታችንም ከድሮ ማሽናችን የተረፈች አንድ አንድ ባለ አራት ጊጋ መሳቢያ ውስጥ አለችን።

ሐሳቡን ያመጣው ኢንጂነሩ ነው። ካልኩሌተሩን አውጥቶ አራት ጊዜ አሥራ ስድስት መታ፤ ይህን ያለ ካልኩሌተር የማይችል ይመስል። «ስልሳ አራት» አለ። «ትልልቆቹን እናዋጣ። አንድ ሳምንት አንድ ሰው አራቱንም ይወስዳል። የቀረነው በትንሿ ቀለል ያለ ሥራ እየሠራን ተራችንን እንጠብቃለን።»

ጋሽ ፍላሽ እንባ ቀረሽ ሆኑ። «ይኸው! መተማመን ማለት ይኼ ነው!» አሉና ውስጡ ስፖንጅ የሆነ የሌንስ መያዣቸውን ለማኅበሩ ሰጡ። ዕጣ አወጣን። ጋሽ ፍላሽ አንደኛ፣ ኢንጂነሩ ሁለተኛ፣ ዝምታ ሦስተኛ፣ እኔ አራተኛ። የእኔ ሳምንት የሚያልቀው በዚያችው ዓርብ ነው! ለምን አልሰጋሽም አትበሉኝ፤ ልብ ውስጥ ለመግባት አምስት ቀን ይበቃኛል፣ እስከዚያ ከውጭ ያለውን እጨርሳለሁ ብዬ ተስማማሁ።

እዚህ ላይ ኢንጂነሩ አንድ ነገር ሠራ። ዕቃ እንዳይቀያየር ብሎ የሚያምሩ ነጫጭ ወረቀቶች አተመ፤ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያለ፣ ከሥሩ «16» ብሎ። ማዕዘኑን በማስመሪያ አስተካክሎ እየለካ እያንዳንዷ ራም ላይ ለጠፋት። የት ላይ? የፋብሪካው ጽሑፍ ላይ! መጠኗን የሚናገረውን ብቸኛውን ጽሑፍ አምሮ ሸፈነው። ራም ደግሞ ባለ አራት ትሁን ባለ አሥራ ስድስት፣ በመልክ አንድ ናት። ይህን ያህል የተማረ ሰው ይህን ስህተት ሲሠራ አራታችንም አጨበጨብንለት።

በእናታችሁ፣ አሁን ፍረዱኝ። ሰኞ ልናስረክብ፣ እሑድ ማታ ባለ አራቷን ማሽኔ ላይ ሰክቼ ልቡን ልክፈት አልኩ። ፕሮግራሙ እንኳ አልተከፈተም! ሦስት ሳምንት እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? የቀድሞው አለቃዬ ፊት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። የኢንጂነሩን ወረቀት በጥፍሬ ቀስ ብዬ ላጥኩና ትንሿ ላይ ለጠፍኩት። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሌሎቹ ሦስቱ እውነተኛ ስለሆኑ ጋሽ ፍላሽ ሃምሳ ሁለት ያገኛሉ፤ ማን ያውቃል፣ እሳቸው እንደሁ ዓይናቸው ደክሟል።

ያን ሳምንት ጋሽ ፍላሽ በሬን ባንኳኩ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይል ነበር። እሳቸው ግን «በረረ፣ ልጄ! ፎቶው ሳልነካው ይከፈታል!» አሉኝ። ኀፍረቱ ገደለኝ። የእኔ ባትጎድል ደግሞ እንዴት ይበሩ ነበር! በሁለተኛው ሳምንት ኢንጂነሩ «በስሌቴ አራት እጥፍ ፈጥኗል» አለ። በሦስተኛው ዝምታ አውራ ጣቷን አውጥታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከእሷ ይህ ንግግር ነው። እነሱ ባመሰገኑ ቁጥር እኔ በጸጸት ጠብ እርግፍ አልኩላቸው። ሻይ አፈላሁ፣ ለዝምታ በሯ እንዳይንጫጫ ዘይት ቀባሁላት። እነሱም ብሰው መጡ! ኢንጂነሩ ጠረጴዛዬን ጠገነልኝ፣ ጋሽ ፍላሽ በነጻ ፎቶ አነሱኝ። ያ ኮሪደር እንደዚያ ተዋዶ አያውቅም።

ሰኞ ተራዬ ደረሰ። ጋሽ ፍላሽ መያዣውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ፤ ሦስቱም «ይቅናሽ!» አሉኝ። በሬን ዘጋሁ፣ የራሴን እውነተኛዋን አስቀድሜ የእነሱን ሦስቱን ሰካሁ፣ ማሽኑን አበራሁ። ስልሳ አራት ጠብቄ ሃያ ስምንት አነበብኩ።

ዓይኔን አሸሁ። ሃያ ስምንት። በደንብ አልገቡም ይሆናል ብዬ ነቅዬ፣ የሚሰካውን ጠርዛቸውን በላጲስ ጠርጌ መለስኳቸው። ሃያ ስምንት! ነቅዬ የኢንጂነሩን ወረቀት ከቁጥር አንድ ላይ ላጥኩት። አራት ይላል። ቁጥር ሁለት፣ አራት። ቁጥር ሦስት፣ አራት።

«እናንተ ሌቦች!» ብዬ ተነሳሁ። በሬን በርግጄ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ጨረስኩና የኢንጂነሩን በር ልደበድብ እጄን አነሳሁ። እጄ እንደተነሳ ቀረ። ምን ልለው ነው? የአንቺዋ ቁጥር አራትስ ብሎ ቢጠይቀኝ?

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ጋሽ ፍላሽ በመጀመሪያው ቀን ሃያ ስምንት አይተዋል። ቢጮኹ ፍተሻ ይመጣል፤ ዝም ቢሉ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እሳቸውም ትልቋን ማስቀረት ይችላሉ። ስለዚህ «በረረ» አሉ። ኢንጂነሩም ሃያ ስምንት አይቶ አራት እጥፍ አለ። ዝምታም ዓይኗን የጨፈነችው ላለማየት ነው። ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ ጥገና፣ ያ ሁሉ ፎቶ የሌቦች መተዛዘን ነበር! ብቻዬን የሰረቅኩ መስሎኝ ሦስት ሳምንት በጸጸት የተጠበስኩት እኔ ጅሏ ነኝ። ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

ማክሰኞ በሃያ ስምንቱ ሞከርኩ። ልቡ ተከፈተ፣ ደሙ ገባ፣ የመጀመሪያው በር ጋ ሲደርስ ማሽኑ ድርቅ። ሱቅ ደወልኩ፤ ሻጩ «ይጨምራል ብዬሽ አልነበር?» አለኝ። የመምህርቷ መልእክት መጣ፤ «ዓርብ እንጠብቅሻለን ወይስ ለእሳቸው እንንገር?» ይላል። ዘጠኝ ወር ሙሉ የሸሸሁት ሰውዬ በሰባት ደቂቃ ልብ አማካይነት ሊያሸንፈኝ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ማኅበሩን ኮሪደሩ ላይ ሰበሰብኩ። ያሰብኩት ይህን ነበር፤ እኔ ቀድሜ እናዘዛለሁ፣ እነሱም አፍረው ይናዘዛሉ፣ አራቱ እውነተኛ ራሞች ይወጣሉ፣ ልቡ ይመታል። የላጥኳቸው ሦስት ወረቀቶች ኪሴ ውስጥ ናቸው።

«እኔ አጭበርብሬአችኋለሁ» አልኩ። «ትልቋን ማሽኔ ላይ አስቀርቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንሿን ነው የሰጠኋችሁ። ጥፋተኛ ነኝ። አሁን ግን ዓርብ ቀትር ላይ ፊልሙን ካላደረስኩ ሥራው ለዚያ ሰውዬ ይሄዳል፤ መያዣው ውስጥ ባለው ደግሞ ልቡ አይመታም።» ይህን ብዬ ሦስቱንም በየተራ አየኋቸው።

አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጋሽ ፍላሽ፣ ግድግዳውን ደገፍ ብለው። «እኛ አምነንሽ? በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ክህደት አላየሁም!»

ጆሮዬን አላመንኩም። ኢንጂነሩ ካልኩሌተሩን አወጣ። «በሳምንት አሥራ ሁለት፣ በሦስት ሳምንት ሠላሳ ስድስት ጊጋ ጎድተሽናል» አለ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። ዝምታ፣ ያቺ ዝምታ፣ «አታፍሪም!» ብላ ጮኸች፤ ከታችኛው ፎቅ ሰው ወጥቶ እስኪያይ ድረስ።

ዓይን በጨው መታጠብ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲታጠብ ያየሁት ያን ቀን ነው። እጄ ኪሴ ገባ። ሦስቱን ወረቀቶች ፊታቸው ላይ ብበትናቸውስ? አንገቴ ድረስ ነደድኩ። ግን አሰብኩት። ካዋረድኳቸው ሦስቱም በራቸውን ዘግተው ይገባሉ፤ እኔም ዓርብ ባዶ እጄን እቀራለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴን ዋጥኩ። መራራ ነው፤ ለማንም አልመክርም።

ሐሙስ ማለዳ ቢሮዬን ከመክፈቴ በሬ በጣት ጫፍ ተንኳኳ። ኢንጂነሩ ነው። ወደ ኋላው እያየ ገባና ከካልኩሌተሩ ኪስ አንዲት ራም አወጣ። «መሳቢያ ስፈትሽ አንዲት ትርፍ ባለ አሥራ ስድስት አገኘሁ። እስከ ነገ ተጠቀሚባት» አለኝ። ተቀበልኳት። መሀሏ ላይ በማስመሪያ የተለካ አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት አለ። እሱም አየው፤ እኔም ሲያየው አየሁት።

«ለእነሱ አትንገሪ» አለኝ። «እናትሽ ትሙት በይ።»

«እናቴ ትሙት» አልኩ።

እሱ ከወጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዝምታ መጣች። እሷ ያክስቷ ልጅ የረሳት ራም ነበራት፤ ራሟም የሙጫ ምልክት ነበረባት። «በሞቴ፣ አደራሽን» አለች በሹክሹክታ። እናቴ ትሙት አልኩ። ጋሽ ፍላሽ የመጡት ካሜራ ሊያሳዩኝ መስለው ነው። «ከአንድ ሙሽራ በስጦታ ያገኘኋት ናት» ብለው በመሐረብ የተጠቀለለች ራም ሰጡኝ። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። «እነሱ ከሰሙ መካሪነቴ ይቀራል፣ ልጄ» አሉኝ። አንጀቴን በሉኝ። በአንድ ማለዳ እናቴን ሦስት ጊዜ ገደልኳት፤ እሷ እግዜር ይመስገን ደህና ናት።

አራቱን ሰካሁ። ስልሳ አራት! ልቡ ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያው በር ተከፈተ፣ ደሙ አለፈ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሁለተኛው ተከፈተ። መታ! ብቻዬን ጮህኩ፤ ዝምታ እንኳ «ሽሽሽ» አላለችም። ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ዓርብ ረፋድ ላይ መምህርቷ ቢሮዋ ውስጥ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው፤ ስሜ ሲወጣ ጮክ ብላ አነበበችውና «የሳንባውንም አንቺ ነሽ የምትሠሪልን» አለችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ነው፤ ትንሽ የንዴትም አለበት።

ሦስቱንም ራሞች በየመሐረባቸውና በየኪሳቸው፣ አንዱ አንዱን ሳያይ፣ መለስኩላቸው። ሰኞ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አጀንዳው እኔ ነኝ።

ኢንጂነሩ አዲስ ደንብ አትሞ መጥቷል። ከእንግዲህ እያንዳንዷ ራም በርክክብ ጊዜ ማሽን ላይ ተሰክታ መጠኗ በሁሉም ፊት ይነበባል፤ ማኅበሩን የካደች አባል ደግሞ ለቀጣዩ ዙር ተራዋ መጨረሻ ይሆናል። ዝምታ ደገፈች። ጋሽ ፍላሽ ስለ መተማመን ትንሽ ተናገሩ፤ ከወትሮው አጠር ያለ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የምትዪው አለሽ፣ ልጄ?»

«አለኝ» አልኩ።

የኢንጂነሩ አውራ ጣት ካልኩሌተሩ ላይ ቆመ። ዝምታ ትንፋሿን ያዘች። የጋሽ ፍላሽ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ፤ መሐረባቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና መልሰው ተዉት። ሦስቱም እንደዚያ ሲያዩኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወደድኳቸው። ሦስቱም ሌቦች ናቸው፤ ሦስቱም ግን ማለዳ ተነስተው በሬን ያንኳኩ ናቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ።

«ይቅር ብለንሻል!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ፣ ቃሌን ሳልጨርስ።